ማጠፍና ማጥፋት

ነገሩ ተጠቅልሎ ሲያልቅ መቶ ሰባ አራት ሺህ ብር በልቶብኝ ነበር። ወደ ባሕር ዳር ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ከዘጠኙ በአንዱ መንገድ ተዘግቶ ቡሬ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። አንድ ሙሉ ክረምት ዕቃዬ ታሽጎብኝ፣ ዝናቡን እንደ ሥራ ፈት ደጄ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ይህ ሁሉ የወጣው ለገሳ ነው። «ሰው በመሬት ይካሰሳል፣ በውርስ ይካሰሳል፤ በገሳ?» ብሎ የሚስቅብኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። ይሳቅ። የሚስቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ጃንጥላ ያለው ነው።

ጃንጥላ ይዞ የሚያርስ ሰው ግን የለም። ለዚህ ነው ገሳ የተፈጠረው። ለማያውቀው ልንገር፦ ገሳ ከእንግጫ የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው። እንደ ሰሌን ተሠርቶ ከመሃሉ ይታጠፋል፤ ከታጠፈ በኋላ በአንድ ወገን ብቻ ይሰፋል። የተሰፋው ጫፍ አናት ላይ ይቀመጣል፣ የቀረው በጀርባ ይወርዳል፣ ሁለት እጅ ነፃ ይሆናል። አሁን አሁን እንግጫውም ራቀ፣ የሚጎነጉነውም ሰው አነሰ። ገበሬው ከእኔ ሱቅ ላስቲክ በሜትር እየገዛ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ላስቲክ ደግሞ ነፋስ ሲመጣ ባለቤቱን ጥሎ ነው የሚሄደው።

ሱቄ ገበያው አጠገብ ነው፤ ጆንያ፣ ገመድ፣ ሸራ፣ ላስቲክና ጀሪካን እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የተማርኩት ከደንበኛ ነው፤ ደንበኛ ካርድ አይሰጥም እንጂ መጣሉን ያውቅበታል። ከሱቁ ጓሮ አንድ ክፍል አለች፤ እዚያ የሚሠራ ሰፊ አለ። ሸራ ይሰፋል፣ የጆንያ አፍ ይገጥማል። እኔ ስጾም እሱ ይበላል፣ እሱ ሲጾም እኔ እበላለሁ፤ በዚህ ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብረን ምሳ የበላንባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው፤ ተጣልተን ግን አናውቅም።

ሦስተኛው ሰው መምህሩ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ለቅቆ በራሱ ግቢ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። ላስቲክ የሚገዛው ከእኔ ነው። አንድ ግንቦት ላይ ከዚያው ላስቲክ የሠራውን ነገር ይዞልኝ መጣ። ገሳ ነው፣ ግን የላስቲክ ገሳ። ከመሃሉ ታጥፎ በአንድ ወገን ተሰፍቷል። ግንባሩ ላይ ደግሞ ከመብራት ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ ተሰንጥቆ የተለመጠ ቀስት ገብቶበታል፤ ላስቲኩ ፊት ላይ እንዳይለጠፍና ውኃው ከዓይን ርቆ እንዲንጠባጠብ ያደርጋል። ለብሼ ደጅ ወጣሁ፤ ዝናብ ስላልነበረ ሰፊው በጣሳ ውኃ አፈሰሰብኝ። አንድ ጠብታ ፊቴን አልነካኝም።

«መምህር፣ ይህ ይሸጣል» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። መምህር ነዋ።

ስድሳ ፍሬ ሰጠኝ፤ በአሥር ቀን አንድ ብቻ ቀረኝ። ሰኔ ገባ። ከደብረ ኤልያስ፣ ከቁይ፣ ገበሬው እየመጣ «ያቺን ገሳ» ይለኛል። መምህሩ ጋ ስሄድ ቱቦ ጠፋ ይለኛል፤ ስመለስ ማሽን ተበላሸ ይለኛል፤ ሦስተኛ ስሄድ ዋጋ ጨምሬያለሁ ይለኛል። ዝናቡ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ የመጨረሻዋን አንድ ፍሬ አልሸጥኳትም። ወደ ጓሮ ይዣት ገባሁና ለሰፊው «ፍታት» አልኩት።

ፈታት። ዘርግቶ አያት፣ አጠፋት፣ እንደገና ዘረጋት። «ወላሂ ይህ ምንም የለውም» አለ። «እናቴ የጤፍ ከረጢት የምትሰፋው እንዲህ ነው።»

«ቀስቱስ?»

ቀስቱን ጥቂት አገላበጠው። «ቀስቱ ጥሩ ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ልጠይቅ ይገባኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመን፤ የሚያነበኝ ሰው ከሌላ ከሚሰማው ከእኔ ይስማ። በመምህሩ ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለ ወረቀት ነበር። ማኅተም አለበት፤ «የግልጋሎት ሞዴል» ይላል። የፓተንት ታናሽ ወንድም ነው፤ የከተማው ሰው በአጭሩ ፓተንት ይለዋል። ዲፕሎማ መስሎኝ አላነበብኩትም ብል ጠበቃዬ ደስ ይለው ነበር። አንብቤዋለሁ። ቆሜ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ እስከ ማኅተሙ አንብቤዋለሁ። ያን ጊዜ የመሰለኝ ወረቀት በግድግዳ ላይ፣ ገሳ ደግሞ በጀርባ ላይ እንደሚውል፣ ሁለቱም እንደማይገናኙ ነው።

የተገናኙት ሉማሜ ላይ ነው።

የገበያ ቀን ነበር፤ ሰፊው እሷን አስመስሎ ከነቀስቱ የሰፋቸውን ገሳዎች ዘርግቼ እሸጣለሁ። መምህሩ ለሥራ ሄዶ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አውቶቡሱ ሻይ ቤቶቹ ዘንድ ቆሞ፣ እሱ ወርዷል። አንድ ገበሬ አንዷን ለብሶ ያልፋል። መምህሩ ፈጠራውን ሰው ጀርባ ላይ ሲያይ ደስ አለውና አስቆመው።

«ወንድሜ፣ ይህችን ከየት አገኘሃት?»

«ከዚያ ከሰውየው» አለ ገበሬው፣ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ። «ማርቆስ አንድ መምህር ይሠራታል አሉ፣ የሱ ውድ ነው። የዚህ ይሻላል፣ ስፌቱ ድርብ ነው።»

መምህሩ እኔ ጋ ሲደርስ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አንዷን ገሳ ከክምሩ መንጭቆ አነሳና «ይህ የኔ ነው!» አለ። ገበያው ዞረ። እኔ ደግሞ ገበያ ሲዞርብኝ አፌ አይያዝም፤ የኖርኩበት ነው። «ነገ ደግሞ ዝናቡም የኔ ነው ትላለህ!» አልኩት። ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ጨመርኩ። አባቱን ያነሳሁበት አንድ ቃል ነበረች፤ እዚህ አልጽፋትም። አባቱ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ያንን አላውቅም ነበር። ገሳውን ጣለና ሄደ።

በሳምንቱ ሽማግሌ መጣ። ሦስት ናቸው፤ ዋናው ቄስ ናቸው፤ ሁለታችንም የምናከብራቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤታቸው ተቀመጥን። መምህሩ አጎንብሶ ነው የተቀመጠው። የሰደብኩት ስድብ የሞተ ሰው የነካ ስለሆነ በወጉ ይቅርታ ልጠይቅ ይገባ ነበር፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ደጅ ወጥቼ አንድ ድንጋይ አነሳሁ፣ ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁና ፊታቸው ቆምኩ።

«አጥፍቻለሁ፤ ማሩኝ።»

መምህሩ አፉን ሊከፍት ሲል ቄሱ እጃቸውን አነሱ። «ዝርዝር ይቅር። ዝርዝር የሰይጣን ነው። በጅምላ ታረቁ።»

«አጥፍቻለሁ» አልኩ ደግሜ፤ ወጉ ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስት ጊዜ አልኩት። መምህሩ ተነሳ፣ ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረደ፣ «እግዜር ይማርህ» አለ። ተሳሳምን። የመምህሩ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ከጸሎት መጽሐፉ ጋር ተደግፎ ቆሟል። «ለማስታወሻ ነው» አለ። ሁሉንም ቀርጾታል። እኔም ለማስታወሻ መሰለኝ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ አጥፍቻለሁ ያልኩት ስለ ስድቡ ነው። እሱ የሰማው ስለ ገሳው ነው። ቄሱ ዝርዝር ስለከለከሉ ሁለታችንም አልጠየቅንም፤ ሁለታችንም በደስታ ወደየቤታችን ሄድን። በማግሥቱ ሰኞ ሰፊው አርባ ገሳ ሰፋ። ማክሰኞ መምህሩ በሱቄ በር ሲያልፍ አየና ቆመ። እጄን አወዛወዝኩለት፣ ታርቀናል ብዬ። እሱ ግን አላወዛወዘም።

መጥሪያው ሐምሌ መጀመሪያ ደረሰኝ። ይህ ዓይነቱ ክስ ማርቆስ አይታይም፣ ባሕር ዳር ነው አሉኝ። ከመጥሪያው ጋር የእግድ ትእዛዝ ነበር፦ ክርክሩ እስኪያልቅ ተከሳሽ ገሳውን እንዳይሠራ፣ እንዳይሸጥ፣ ያለውም እንዲታሸግ። ሦስት መቶ አሥር ፍሬ ታሸገ። ማሸጊያውን የለጠፈው ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነበር፤ ዝናብ እየጣለበት ስለመጣ ከታሸገው ላይ አንድ ልንሰጠው ፈልገን ሕግ ከለከለን።

ክሱን ሳነበው መጀመሪያ የከነከነኝ ገንዘቡ አይደለም። መምህሩ ወረቀቱ ላይ መብቴ ብሎ የያዘው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው «ከመሃሉ ታጥፎ በአንድ ወገን የሚሰፋ፣ አናትና ጀርባን የሚሸፍን የዝናብ ልብስ» ይላል። ሁለተኛው ቀስቱ ነው። ጠበቃ ያዝኩ፤ ወጣት ነው፣ ዋጋው ግን አዋቂ ነው። ጣቱን አንደኛው ላይ አደረገና «ይህ ከጸና» አለኝ፣ «ቀስት ብታወጣም ባታወጣም፣ ላስቲክ አጥፈህ መስፋት አትችልም። አንተ ብቻም አይደለህም። ሌላውም ሰፊ እንዲሁ።»

«ገሳ መስፋት ተከለከልን ማለት ነው?»

«በእሱ ፈቃድ ካልሆነ።»

የዚያን ቀን ነው ልቤ የደነደነው። ቀስቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቢመጣብኝ አንገቴን እደፋለሁ። እጥፋቱን ግን ከማንም አልወሰድኩም። ያ እጥፋት ማንም ወረቀት ሳይጽፍ በፊት በዚህ አገር ክረምት ውስጥ ነበር።

በችሎት የመጀመሪያው ከባድ ቀን ቪዲዮው የታየበት ነው። የመምህሩ ጠበቃ ኮምፒውተር ከፍቶ አቆመው። ድንጋይ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «አጥፍቻለሁ» ስል ሰው ሁሉ አየኝ። ሰው ራሱን ከኋላው ቢያይ ይሻለዋል፤ ሱሪዬ ተቀዶ ኖሯል።

«ተከሳሽ በገዛ አንደበቱ፣ ሦስት ጊዜ፣ አጥፍቻለሁ ብሎ አምኗል» አለ ጠበቃው። «የመብት ጥሰቱን አሁን የሚክድበት ምክንያት የለም።»

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ሴት ናቸው። «ይህ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

«አጥፍቻለሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

«ምንድን ነው ያጠፉት?»

«የሰውየውን የሞተ አባት ሰድቤ ነበር። ድንጋዩን የተሸከምኩት ለዚያ ነው።»

ጠበቃው ተነሳ። «ቪዲዮው ላይ ስድብ የሚል ቃል የለም!»

«ገሳ የሚልስ አለ?» አልኩት።

ዳኛዋ ጸጥ አሰኙን። «ለምን ያጠፉትን ነገር በስሙ አልጠሩም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ክብርት ዳኛ፣ ሽማግሌ ፊት ዝርዝር አይነሳም። በጅምላ ታረቁ ተብለን በጅምላ ይቅርታ ጠየቅሁ። አሁን ያንን የጅምላ ይቅርታ እኚህ ጠበቃ በችርቻሮ እየሸጡብኝ ነው።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቁን ሳገኝ እንደ ልማዴ ጨመርኩ፦ «ስለ ገሳውማ ከሆነ፣ ላስቲክ አጥፌያለሁ። አጥፌያለሁ እንጂ አጥፍቻለሁ አላልኩም።»

ዳኛዋ ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ። እንደኔ ግምት ጎጃሜ ናቸው፤ ቅኔ የሰማ ጆሮ በፊት ላይ ይታወቃል። «ቅኔውን መዝገብ ቤቱ ሳይጽፈው ወደ ፍሬ ነገሩ እንመለስ» አሉ። ቄሱ ቀርበው ምን ተብሎ እንደታረቅን እንዲናገሩ ጠበቃዬ ጠየቀ። ቄሱ አልመጡም። «እርቅ ላይ የሰማሁትን ሸንጎ ላይ አልናገርም» ብለው ላኩ። ተናደድኩባቸው፤ በኋላ ሳስበው ግን እኔም እሳቸውን ብሆን አልሄድም።

ከዚያ ሦስት ቀጠሮ አለፈ። የመምህሩ ወገን ቪዲዮው ብቻውን እንደማያበላው ጠረጠረ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ከችሎት ስንወጣ መምህሩ ራሱ ጠራኝ። ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥን፤ ሰፊው አብሮኝ ነበር። መምህሩ ከስቷል። እሱንም በልቶታል ነገሩ።

«ካሣውን ትቼልሃለሁ» አለኝ። «አንድ ወረቀት ፈርምልኝና እንጨርስ። የታሸገውንም አስከፍትልሃለሁ።»

ወረቀቱን አወጣ። ሰፊው ከእኔ በፊት ተቀበለውና ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የባለመብቱን ፈጠራ ያለ ፈቃድ በመሥራቴ አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ ታጥፎ በአንድ ወገን የሚሰፋ የዝናብ ልብስ…» እዚህ ሲደርስ ቆመ። «ይህ እኮ ገሳ ነው፤ በሰላማዊ አማርኛ ገሳ ይባላል። ለምን ረዘመ?»

«ሕጋዊ አጻጻፉ ነው» አለ መምህሩ።

«ስማ መምህር» አልኩት። «ቀስቱ ያንተ ነው። እሱን ጻፍ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ቀስቱን ብቻ ይዤ ምን እሠራለሁ? ሰው ቀስቱን አውጥቶ ላስቲኩን አጥፎ ይሸጣል። አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ሚስቴ ጓሮዬን የላስቲክ መቃብር ነው የምትለው። አንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈታኸው!»

እውነቱን ነው። የሚያሳዝነውም እውነት መሆኑ ነው። ካሣው ሊቀርልኝ፣ ዕቃዬ ሊከፈትልኝ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቷል። ሰፊው ከፈረምኩ ማሽኑ እንደሚቆም እያወቀ ወረቀቱን መልሶ ፊቴ አስቀመጠልኝ።

«አጥፍቻለሁ ስል ሰምተኸኛል» አልኩት መምህሩን። «ሦስት ጊዜ ብዬልሃለሁ። ያኔ ያልኩት ለአባትህ ነፍስ ነው። ይህን ግን ከፈረምኩ የምፈርመው በሌላው ሰው ጀርባ ነው። አልፈርምም።»

«ትከስራለህ።»

«ነጋዴ ነኝ። ኪሳራ አያስደነግጠኝም፤ የሚያስደነግጠው የማያውቀውን ሰው ነው።»

ሻዩን ማን ይክፈል ተባብለን ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ሰፊው ከፈለ።

ጠበቃዬ ያለን መንገድ አንድ ነው አለኝ፦ እጥፋቱ አዲስ እንዳልሆነ ማሳየት። አገር ውስጥ ቀድሞ ሰው ሲጠቀምበት የኖረ ነገር አዲስ ተብሎ መብት አይሰጥበትም፤ ተሰጥቶም ከተገኘ ፍርድ ቤት ሊሰርዘው ይችላል። «ግን ምስክር ያስፈልገናል። ገሳ ዱሮም አለ ብሎ የሚያወራ ሳይሆን፣ በእጁ የሚያጥፍ ሰው።»

ከቁይ ወዲያ አንድ ገሳ ሠሪ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ገመድ ከእኔ ይገዙ ነበር። ሄጄ ለመንኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ገሳ የማን ነው ተብሎ ነው የተካሰሳችሁት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እብድ አገር ሆነናል» አሉና ነጠላቸውን አንስተው ተነሱ።

አንድ ትልቅ የእንግጫ ገሳ ይዘው ነበር የመጡት። የሚኒባሱ ረዳት መተላለፊያውን ስለዘጋበት ለገሳው ግማሽ ሒሳብ ካልተከፈለ አልሄድም አለ። «እሱ እንደኛ አይናገርም፣ አያጨስም፣ ለምን ይከፍላል?» አሉት ሽማግሌው። ከፈልኩ። እስከ እንጅባራ ገሳው ከእኔ የተሻለ ወንበር ላይ ነበር።

ችሎት ገብተው ሲምሉ ድምፃቸው ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። ጠበቃዬ አንድ የላስቲክ ቁራጭ ሰጣቸውና «ገሳ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩን» አላቸው። ላስቲኩን በጥርጣሬ ዳበሱት፣ ከመሃል አጠፉት፣ አንድ ወገኑን በጣታቸው ቆንጥጠው አናታቸው ላይ ደፉት። ከቤታቸው ያመጡትን ከጎኑ አቆሙት። ወንድማማች ይመስላሉ።

«ይህን አጣጠፍ ማን አስተማረዎት?» አለ ጠበቃዬ።

«አባቴ።»

«አባትዎንስ?»

«ዱላ ነዋ። የሱ አባት ሲያስተምር ዱላ ይዞ ነው።»

የመምህሩ ጠበቃ ተነሳ። «ያ ሣር ነው፣ ይህ ላስቲክ ነው። አባትዎ ላስቲክ አጥፈው ያውቃሉ?»

«አባቴ ላስቲክ የት አግኝቶ? ቢያገኝ ኖሮ እንግጫ ፍለጋ ረግረግ ውስጥ ሲርመጠመጥ አይኖርም ነበር።» ዳኛዋ ጻፉ። ልቤ ተነሳ። አሸንፌያለሁ ብዬ ወደ ሰፊው ዞሬ ጠቀስኩት።

ጠበቃው ግን አልተቀመጠም። የመምህሩን ገሳ አነሳና ቀስቱን አሳያቸው። «ይቺስ? በአባትዎ ገሳ ላይ ይቺ ነበረች?»

ሽማግሌው ተቀበሉት። አናታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ቀና ብለው፣ አውልቀው እንደገና አዩት። እኔ በዓይኔ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ዓይኔን አላዩትም፣ ቢያዩትም አይሰሙትም ነበር።

«የለችም» አሉ። «ይቺን አላየሁም። ብልሃት ናት።» ቀና አሉና ችሎቱን በሙሉ «ማነው ያመጣት?» ብለው ጠየቁ።

መምህሩ እጁን እንደ ተማሪ አነሳ። «እኔ ነኝ አባቴ።»

«ተባረክ» አሉት። የእኔ ምስክር! ግማሽ ሒሳብ የከፈልኩለት ገሳ ባለቤት!

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቅር እንዳለኝ አውቀው «ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ለእኔ ሊመሰክሩ አልነበር የመጡት?»

«ስለ ገሳ ልመሰክር ነው የመጣሁት» አሉ። «ያንተንማ እውነት ነው አልኩኝ እኮ። የሱን ደግሞ ውሸት ነው ልበል?» ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ እስከ ማርቆስ ድረስ ገሳቸው እንዳይወድቅ ይዤላቸው መጣሁ።

ፍርዱ የተነበበው በሚቀጥለው ግንቦት ነው። ስለ ቪዲዮው፦ «ተከሳሽ ስለ ምን ይቅርታ እንደጠየቀ ከቃሉ መረዳት ስለማይቻል እንደ እምነት ቃል አይወሰድም» ተባለ። ስለ እጥፋቱ፦ ከመሃል ታጥፎ በአንድ ወገን የሚሰፋ የዝናብ ልብስ በአገሩ ቀድሞ በሥራ ላይ የዋለ በመሆኑ አዲስ አይደለም፤ የተሠራበት ነገር ከሣር ወደ ላስቲክ መለወጡ ብቻ አዲስ አያደርገውም፤ ያ መብት ተሰርዟል። ስለ ቀስቱ፦ አዲስ ነው፣ የከሳሽ ነው፣ ተከሳሽ እያወቀ ወስዶታል። ቀስት ያለበትን ገሳ ዳግመኛ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ፣ እስከዚያ ለሸጠው ሁሉ አርባ ስምንት ሺህ ብር ካሣ እንዲከፍል፣ ከታሸገው ዕቃ ላይ ቀስቶቹ ወጥተው እንዲወገዱ። ወጪና ኪሳራ ሁለቱም የየራሳቸውን ይቻሉ።

መምህሩ ደረጃው ላይ ይግባኝ እላለሁ አለ። እኔም እላለሁ አልኩ። ሁለታችንም አላልንም።

እያወቀ የሚለው ቃል ቆንጥጦኛል፤ አልዋሽም። ካሣውን ግን በአንድ ጊዜ ከፈልኩ፣ በክፍያ አልለመንኩም። ለቀስቱ መክፈል ተገቢ ነው። ለጠበቃ ስለከፈልኩት ሰማንያ ሺህ ብር ሰዎች ያለቅሱልኛል፤ እኔ አላለቅስም። በዚያ ሰማንያ ሺህ አንድ ነገር ተጽፎ ማኅተም ተመቶበታል፦ ገሳ ማጠፍ ጥፋት አይደለም። ያንን ፍርድ አስገልብጬ በመስታወት አድርጌ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ሰው ምንድን ነው ሲለኝ የኔ ፓተንት ነው እላለሁ።

ማሸጊያው ሲነሳ አይጥ ገብታ አርባ ስድስቱን ገሳ ወንፊት አድርጋቸዋለች። ከቀሩት ላይ ሰፊውና እኔ ተቀምጠን ቀስት አወጣን፤ የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ እየቆጠረ በጆንያ ከተተው። ሰፊው እያንዳንዷን ሲያወጣ «አጥፍቻለሁ» ይላል፣ እኔ «እግዜር ይማርህ» እላለሁ። ሠራተኛው ጸሎት መስሎት ቆቡን አወለቀ።

በዚያ ክረምት ማርቆስ ውስጥ የላስቲክ ገሳ የሚሰፉ ሰፊዎች ሰባት ደረሱ። እኔን ተፎካከሩኝ፣ ዋጋዬን አወረዱብኝ፤ አንዳቸውም ለጠበቃው ሳንቲም አላዋጡም። ሲያዩኝ ሰላም ይሉኛል፣ በቃ። መምህሩ ባለ ቀስቱን ይሠራል፤ ውድ ነው፣ ይሸጥለታል። ገበሬ መጥቶ ቀስት ያለውን ሲጠይቀኝ ወደ ወርክሾፑ በጣቴ አመለክታለሁ። እሱም ላስቲክ ሲያልቅበት ከእኔ ይገዛል። «እንደምን ዋልክ፣ እንደምን ዋልክ» ነው፤ ሻይ አንጠጣም። ሽማግሌ እንላክባችሁ ያሉን አሉ። እኔ ዝርዝር ካልተነሳ አልታረቅም ብያለሁ።

ሒሳቡ ይህ ነው። ካሣ አርባ ስምንት ሺህ። ጠበቃ ሰማንያ ሺህ። መንገድ፣ አልጋና ምግብ፣ የምስክሩን ጨምሮ፣ ሠላሳ አራት ሺህ አምስት መቶ። በአይጥና በቀስት የጠፋ ዕቃ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ገሳ ከመጀመሪያው እስካሁን ያስገባው ትርፍ መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ። ጉድለት አርባ ሦስት ሺህ ብር።